እህቴ ሰነፍ አልነበረችም

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ነጭ ጋወን ለብሼ ሠርቻለሁ። ከገጠር ጤና ጣቢያ እስከ ሆስፒታል የሴቶች ክፍል፣ ከወባ ክኒን እስከ ማዋለጃ አልጋ ድረስ ያላየሁት የለም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን በሥራዬ ስላየሁት ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ራሴ ስህተት ነው። ስህተቱንም የሠራሁት በሽተኛ አልጋ አጠገብ አይደለም። ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ በገዛ ታላቅ እህቴ ላይ ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ቡና ላይ የሰማሁት ወሬ ነው። አንዲት የምወዳት ጎረቤቴ ስለ ልጇ ሚስት አማረረች። «ከወለደች ወዲህ ቤቱ አስጠላት። ቀን መተኛት፣ ማታ ማኩረፍ ነው። ሕፃኑ እያለቀሰ እሷ ግድግዳ ታያለች። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አለች። ቡና ጠጪው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔ ግን ስኒዬን አስቀመጥኩ። ያቺን «ስንፍና» የምትባል ቃል እኔም ከሃያ ስምንት ዓመት በፊት ተናግሬያታለሁና ጉሮሮዬ ላይ ቆመች።

እህቴን «እትዬ» ነው የምላት። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ቶሎ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የነርስነት ትምህርት ቤት ስገባ አንሶላና ብርድ ልብሴን ገዝታ የሸኘችኝም እሷ ናት። በደጋ ከተማ የሚኖር እህል ነጋዴ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች። እጇ ፈጣን ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ሠላሳ አርባ እንጀራ ጋግራ፣ ልጆቿን አጣጥባ ትምህርት ቤት ልካ፣ የቡናው ጭስ ሲወጣ ገና ፀሐይዋ መሞቋ ነበር። የማኅበር ድግስ ያለባት ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠራው እሷን ነው።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ እትዬ ቀስ በቀስ ተለወጠች። ለውጡ አንድ ቀን የመጣ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እንደነግጥ ነበር። የመጣው ግን እንደ ዝገት ነው፤ ሳይታይ። መጀመሪያ እንቅልፍ አበዛች። ቀጥሎ መርሳት መጣ፤ ወጥ ጥዳ ትረሳለች፣ የዕቁብ ቀን ያልፋታል። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። ሳትበላ ትወፍራለች፤ ፊቷ ጠዋት ያባብጣል። ድምጿ ጎረነነ። ጨዋታዋ ጠፋ፤ ሲጠይቋት መልሷ ዘግይቶ ይመጣል፤ አንዳንዴም ከነአካቴው አይመጣም። ያቺ ቤት ሙሉ የምታስቅ ሴት ጥግ ይዛ የምትቀመጥ ሆነች።

ቤተሰቡ ለዚህ ሁሉ ስም ነበረው፤ እንዲያውም ስም ሞልቶት ነበር። ባሏ «ጠገበች፤ ሀብት ሲመጣ ሰነፈች» አለ። አማቷ «ዛር ነው፤ ወይ ደግሞ ሰው በዓይኑ በልቷታል» አሉ። አንድ ዘመድ «ባሏን ጠልታው ነው» አለ። እትዬ ራሷ ደግሞ «እግዚአብሔር በኃጢአቴ ቀጣኝ» ብላ ሁለት ጊዜ ጠበል ወርዳለች። ጠበሉን አልነቅፍም፤ በዚያ ጊዜ ሳይሰድባት የተቀበላት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ግን ተጠምቃ ስትመለስም በጋቢ እንደተጠቀለለች ነው።

እኔስ ምን አልኩ? እኔ እኮ የተማርኩት ነኝ። ለእረፍት ስሄድ ዓይኗን ገልጬ አየሁና ደም ማነስ ይሆናል ብዬ የአይረን ክኒንና ቢ ኮምፕሌክስ ሰጠኋት። አልተሻላትም። በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ግን ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። «እትዬ፣ ነገር አታካብጂ፤ ተነስተሽ ተንቀሳቀሺ፣ ይለቅሻል» አልኳት። ከሚያድርበት ነገር እንዲነሳ የሚታዘዝ ሰው ሁሉ መነሳት የሚችል ይመስለኝ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ባሏ ሽማግሌ ሰበሰበ። የመጨረሻ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ በአውቶቡስ ሄጄ ተቀመጥኩ። ክሱ ተነገረ። ወጥ ታሳርራለች፤ እንግዳ ሲመጣ አትነሳም፤ አልጋ ላይም ፊቷን ታዞራለች። ሽማግሌዎቹ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቋት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ዝምታውን ሁሉም እንደ ጥፋት ቆጠረው። ዛሬ ሳስበው ዝም ያለችው ጥፋተኛ ስለሆነች ሳይሆን ሐሳቧ እስኪሰበሰብ ጊዜ ስለሚፈልግ ነበር። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ የጤና ባለሙያ ነሽ፤ በሽታ አለባት?» አሉኝ።

«የለባትም አባቴ፤ መሥራት ብትጀምር ይተዋታል» አልኩ።

ይህችን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ውስጥ ከተናገርኳቸው ሁሉ መልሼ ብውጣት የምመኛት እሷን ነው። ሽማግሌዎቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አልፈለጉም። «ለጊዜው እህቷ ዘንድ ትረፍ፤ እህቷ ልትወልድም ነው፣ ትረስ፤ እስከዚያ ልቦና ይስጣት» ብለው ተነሱ።

እትዬ እኔ ቤት መጣች። ወለድኩ። አራስ ልታርስ የመጣችው እህቴ ገንፎውን አሳርራ፣ እሳቱ ዳር ጭንቅላቷን አዘንብላ ተኝታ አገኘኋት። ተበሳጨሁ። እንዲያውም በልቤ «ባሏ እውነቱን ነው» አልኩ።

የልጄ ክርስትና በአርባ ቀኑ ሆነ። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል የሆስፒታላችን የውስጥ ደዌ ሐኪም መጥቶ ነበር። እትዬን ሲጨብጣት እጇን ከሰላምታ በላይ ያዝ አድርጎ ቆየ። ከዚያ «እትዬ፣ ድምፅዎ ድሮም እንዲህ ነበር?» አላት። «ኧረ ድሮስ እዘፍን ነበር» አለችው በዚያ በጎረነነ ድምጿ። ሐኪሙ አልሳቀም። ሊወጣ ሲል በር ላይ «ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ» አለኝ።

በማግሥቱ የልብ ምቷን ቆጠረ፤ በደቂቃ ሃምሳ ሁለት። ቆዳዋን ዳሰሰ፤ ደርቋል። የቅንድቧ ዳርቻ ሳስቷል። ከዚያ ወንበር ላይ አንበርክኮ የተረከዟን ጅማት በትንሿ መዶሻ መታ አደረገው። የደህና ሰው እግር ብድግ ብሎ ወዲያው ይመለሳል። የእትዬ እግር ብድግ አለና ለመመለስ ያመነታ ይመስል ቀስ ብሎ ወረደ። ስንት ጊዜ ያየኋትን እህቴን ያን ዕለት ያየኋት ያህል አይቻት አላውቅም። እግሯም እንደ ንግግሯ ይዘገይ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሆርሞን ምርመራው እኛ ዘንድ አይሠራም። ደሟ በፔርሙዝ በበረዶ ተይዞ በሰው እጅ አዲስ አበባ ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ ቲኤስኤች የሚባለው ቁጥር ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ከፍ ብሏል። የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራውን ሊያቆም ምንም አልቀረውም። እንቅርት ብትሆን ኖሮ ማንም ያውቅ ነበር፤ አንገቷ ላይ ግን እብጠት አልነበረም። ለዚህም ነው ያመለጠን። ሐኪሙ ወረቀቱን አሳየኝና «ሲስተር፣ ይቺ ሴት እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍሬን እንደያዘ መኪና ዳገት ስትወጣ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መድኃኒቱ የምስር ፍሬ የምታህል ታይሮክሲን የምትባል ክኒን ናት። በትንሹ ተጀመረላት። ለሳምንታት ለውጥ አላየሁም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሽሮውን ቀመሰችና «ጨው በዝቶበታል» አለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ምግብ ያወራችው ያን ቀን ነው። ከዚያ በወሩ ገደማ፣ ገና ሳይነጋ፣ የሙቀጫ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እትዬ ቡና ትወቅጣለች። አልጋዬ ላይ ሆኜ ልጄን አቅፌ ያን ድምፅ አዳመጥኩ። የእናታችን ቤት ድምፅ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ግን ባሏ እስከዚያ ሌላ ሴት ቤቱ አስገብቷል። መዳኗን ሲሰማ ሽማግሌ ላከ፤ እነዚያው ሽማግሌዎች። እትዬ በሚገባ አስተናገደቻቸው፤ ቡናውን ራሷ አፈላች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «አባቶቼ፣ ክኒኑ ሰውነቴን ፈውሶታል። ‹ሰነፍ› ያላችሁኝን የሚሽር ክኒን ግን ሐኪሙ አልሰጠኝም።» ይህን ስትል ያየችው ሽማግሌዎቹን አልነበረም። እኔን ነው።

አልተመለሰችም። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች ለሆቴሎች ሸጠች፤ ሁለቱን ትንንሽ ልጆቿን ወስዳ አሳደገች። ዛሬ ሰባ ዓመቷ ነው። ክኒኗን በየቀኑ ጎህ ሲቀድ በባዶ ሆዷ በውኃ ትውጣለች፤ ቡናዋን ለመጠጣት አንድ ሰዓት ትጠብቃለች፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውክ። «ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የቡና ጾም» እያለች ትቀልዳለች።

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ ነው መጻሕፍት ማገላበጥ የጀመርኩት። በሥነ ልቦና ትምህርት ውስጥ የሰውን ጠባይ ከአካሉ ተነስቶ የሚያስረዳ አተያይ አለ፤ ሥነ ሕይወታዊ አተያይ ይሉታል። የሰው ጠባይ በአንጎል ውስጥ ይሠራል፤ አንጎል ደግሞ እንደ ልብና እንደ ጉበት የአካል ክፍል ነው፤ ስለዚህ ይታመማል፣ ይጎዳል፣ ይራባል ይላል። የሰውነታችንን ክብደት ሁለት በመቶ ያህል ብቻ የሚሸፍነው ይህ አካል ከምንጠቀመው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ለብቻው ይወስዳል። የስኳር መጠኑ ሲወርድበት፣ ሆርሞኑ ሲጎድልበት፣ ኢንፌክሽን ሲገባበት መጀመሪያ የሚያሳየን ምልክት ትኩሳት ወይም ቁስል ላይሆን ይችላል። ጠባይ ሊሆን ይችላል።

የዚህ ትምህርት ጀማሪዎች ሁሉ የሚማሩት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1848 በአሜሪካ ቨርሞንት ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበት። ከአንድ ሜትር የሚበልጥ የብረት ዘንግ በግራ ጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው አልሞተም፤ እንዲያውም ያን ዕለት ተናግሯል። ሐኪሙ ጆን ሃርሎው በኋላ እንደጻፈው ግን ቁጥብና ታታሪ የነበረው ሰው ተሳዳቢ፣ ትዕግሥት የለሽ፣ በአንድ ሐሳብ የማይጸና ሆነ። የፊት አንጎል ከጠባይ ጋር መያያዙን ለዓለም ካሳዩት ታሪኮች አንዱ ይህ ነው። ብዙዎች የማይነግሩን ቀሪ ክፍል ግን አለ፤ ጌጅ በኋላ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት የሰው ማመላለሻ ሠረገላ ነድቷል። ፈረስ መቆጣጠር፣ ሰዓት ማክበር፣ ከተሳፋሪ ጋር መግባባት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ1860 እስኪሞት ድረስ የተጎዳው አንጎሉ ራሱን በተወሰነ ደረጃ ሳይጠግን አልቀረም። ይህንን ቀሪ ክፍል ከመጀመሪያው ይልቅ እወደዋለሁ።

እኛም አገር ይህን የሚያሳይ ነገር ሞልቷል። በጀማሪነቴ ጊዜ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው «ጋኔን ነው» ብለው ክብሪት ጭረው ያጨሱበት ነበር። አረፋውን የነካ ይያዛል ተብሎ ስለሚታመን እሳት ላይ ሲወድቅ እንኳ የሚያነሳው ያጣል። የቃጠሎ ጠባሳ ያልነበረበት የሚጥል በሽተኛ ያየሁት ጥቂት ነው። ፌኖባርቢታል የምትባል ርካሽ ክኒን በየቀኑ መውሰድ ሲጀምሩ ብዙዎቹ መውደቃቸው ቆመ ወይም ቀነሰ። ለዘመናት ጋኔን ያልነው በአንጎል ውስጥ የሚነሳ ያልተገባ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነው።

እንቅርትም እንዲሁ ነው። የደጋችንን አፈር ዝናብ ስለሚያጥበው አዮዲን ያንሰዋል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን የምንተርተው እንቅርትን ከልጅነታችን ጀምሮ እያየነው ስላደግን ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አንገት ላይ የሚታየው እብጠት ትንሹ ጉዳት መሆኑን ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ሲያንሳት የፅንሱ አንጎል እድገት ይጎዳል። በክፍል ውስጥ «ደደብ» እየተባለ የሚገረፍ ስንት ልጅ ከመወለዱ በፊት ጨው የጎደለበት ይሆን? ለዚህ ነው አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት እያልን ስንለፈልፍ የኖርነው።

እንግዲህ እህቴን ከዳነች በኋላ የዚህ አተያይ ጽኑ አማኝ ሆንኩ። አማኝነቴ ግን አንድ ቀን ሌላ ስህተት ውስጥ ከተተኝ።

ያ በእትዬ ቡና ወቀጣ ያደገው ልጄ በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ተለውጧል። አይበላም፣ ሌሊት አይተኛም፣ ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጣል። «ዳግመኛ አልሳሳትም» አልኩ። ሰው «ጥጋብ ነው» ሳይለው በፊት እጁን ይዤ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ደም ማነስ፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የቫይታሚን ምርመራ፤ አንዱንም አላስቀረሁም። ሁሉም ደህና ነው። እናት ልጇ ጤነኛ ነው ሲባል ደስ ሊላት ይገባል። እኔ ግን ተናደድኩ፤ ሌላ ላቦራቶሪ ይደገም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ደም ሲቀዳ የቆየ ባልደረባዬ የሆነው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሳቅ ብሎ «ሲስተር፣ የልጁን ደም ጨረስሽው እኮ፤ አፉንስ ጠይቀሽዋል?» አለኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር። ከደሙ ሁለት ጊዜ ጠይቄ ከአፉ አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም።

ያን ማታ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ፊቱን ሳላየው፣ «ምን ሆነህ ነው የኔ ልጅ?» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። የእትዬን ዝምታ ስላስታወስኩ አልቸኮልኩበትም። ከዚያ ነገረኝ። የመኝታ ክፍል ጓደኛው ራሱን አጥፍቷል። በዚያ ሌሊት ጓደኛው ሦስት ጊዜ ደውሎለት ነበር፤ ልጄ ለፈተና እያጠና ስለነበር ስልኩን አላነሳም። «እማዬ፣ ባነሳው ኖሮስ?» አለኝ። ለዚህ ጥያቄ በየትኛውም ላቦራቶሪ መልስ የለም።

አብረን አለቀስን። በኋላ የሥነ ልቦና አማካሪ ዘንድ ለወራት ተመላለሰ፤ የጓደኛውን እናት ሄዶ አያቸው፤ አሁንም በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ይጠይቃቸዋል። እንቅልፉን የመለሰለት ይህ ነው። እርግጥ አንድ የሳይንስ ሰው ቢመጣ «ሐዘኑም እኮ በአንጎሉ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መጥላቱ በአካሉ ውስጥ የሆነ ነገር ነው። ግን ወደ አካሉ የገባው በስልክ ነው። መውጫውም በንግግር ሆነ።

ከሁለቱ ስህተቶቼ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው፣ «ጠባዩ ነው» የሚለው ፍርድ የመጨረሻችን እንጂ የመጀመሪያችን መሆን የለበትም። በተለይ ሰው ድሮ ያልነበረበትን ጠባይ ካመጣ ማለቴ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝምተኛ የሆነ ሰው ዝም ቢል ጠባዩ ነው። ተጫዋቹ ዝም ካለ፣ ቁጥቡ ገንዘብ መበተን ከጀመረ፣ ጨዋው መሳደብ ከጀመረ፣ በሃምሳና በስልሳ ዓመቱ አዲስ ሰው ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ድንገት አልቦት፣ ተንቀጥቅጦ፣ ምላሱ ተሳስሮ ቢቆጣ «ጠጥቷል» ከማለታችን በፊት ስኳሩ ወርዶ እንደሆነ እንለካ፤ መለኪያ ከሌለና መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ውኃ እንስጠው። መዋጥ ካልቻለ በአፉ ምንም ሳንሰጥ ወደ ሕክምና እንሩጥ። የወለደች ሴት ስታዝንና ስትደክም «ቅብጠት» አንበለው። የወሊድ በኋላ ጭንቀት አለ፣ የደም ማነስ አለ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታይሮይድ መታወክም አለ፤ ሦስቱም ሕክምና አላቸው።

ሁለተኛው፣ አካል ምክንያት ሲሆን ወቀሳን ያነሳል፤ ኃላፊነትን ግን ሁልጊዜ አያነሳም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረታችን ግማሽ እውነት ነው። በአንድ እንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች ዘራቸው አንድ ነው። ይሁንና አንዱ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለውን የአእምሮ ሕመም ሲታመም ሌላው የሚታመምበት ዕድል ወደ ግማሽ ቢጠጋ ነው። ዘር ይስባል ማለት ነው፤ ግን ልጓምም አለ፣ መንገድም አለ፣ ጋላቢም አለ። ሚስቱን የሚመታ ሰው «የአባቴ ደም ነው፤ ሲያመኝ ነው» ሲል በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰምቻለሁ። ያንኑ ደም ይዞ አለቃው ፊት ግን እጁን አጣምሮ ይቆማል። ይህ በሽታ አይደለም።

ሦስተኛው፣ አካልን ብቻ ማየት ጭካኔም ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1949 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ሲሆን፣ የተሸለመው የአእምሮ ሕሙማንን የፊት አንጎል በቀዶ ጥገና በመቁረጥ ነው። ስንቱ ሰው «ጸጥ አለ» ተብሎ ሰውነቱን ተነጠቀ። በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረና ያ ቀዶ ጥገና እየቀረ ሄደ። ይህ እኛ ላርጋክቲል እያልን የምናውቀው መድኃኒት ብዙ ሰው ከሰንሰለት ፈትቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ክኒኑን ውጦ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው ጎረቤት ቡና የማይጠራው ከሆነ፣ እድር የማያስጠጋው ከሆነ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ሲመጣ አይቻለሁ። አንጎል ያለ መድኃኒት የማይድንበት ጊዜ አለ፤ ያለ ሰው የማይድንበት ጊዜም አለ።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ያን ቀን ቡናው ሲያበቃ ቀርቤ የእትዬን ታሪክ ነገርኳት። ስሜን ሳልደብቅ፣ ሽማግሌ ፊት ያልኩትን ሳልቀንስ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ የልጇን ሚስት ይዛ ቤቴ መጣች። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ በር ላይ ቆመች፤ አንገቷን ደፍታለች። አስገብቼ አስቀመጥኳት። እንደ ድሮዬ ቢሆን ዓይኗን ገልጬ አይ ነበር። ይህን ጊዜ መጀመሪያ «ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት፤ ከዚያም ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ቆይታ ቆይታ «ደክሞኛል፤ እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም» አለች። አማቷ ያን ስትሰማ ሕፃኑን ተቀበለቻት። በማግሥቱ ሦስታችን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ግን ከዚያ ቤት «ሰነፍ» የምትባለው ቃል ወጥታለች።

ማታ ለእትዬ ደውዬ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ ጠየቅሻት?» አለችኝ።

«ጠየቅኳት እትዬ።»

«በይ እሰይ» አለች። ሃያ ስምንት ዓመት ይቅርታ ስጠይቃት «ትቼዋለሁ» ትለኝ ነበር። መተዋን ያመንኩት ግን ያን ማታ ነው።